የእባብ ሹሩባ

ፀጉሬ እባብ ነው። አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳትደነግጡብኝ ነው። በግሪክ ባሕር መሀል ባለች ደሴት ተወልጄ ሜዱሳ ተባልኩ፤ ዓይኗን ያየ ድንጋይ ይሆናል ተብሎም ተወራብኝ። ደሴቲቱ ላይ ሰው የሚመስሉ ድንጋዮች ስለነበሩ እኔም ወሬውን አመንኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ማንም ድንጋይ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ሰው በመጣ ቁጥር የማቀረቅር ሴት ምን አያለሁ?

አንገቴን ሊቆርጡ የሚመጡ ጀግኖች ሲበዙብኝ ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አስሬ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገባሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሰባተኛ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁና መርካቶ ቅቤ መቸርቸር ያዝኩ። እንደ መርካቶ የሚመች አገር አላየሁም። ገዢ የሚያየው ቅቤውን እንጂ ሻጯን አይደለም፤ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ ይከራከራል፣ ይሄዳል። ሜዱሳ የሚለው ስም ለአፋቸው አልመች ቢላቸው ሙሉዬ አሉኝ። ማቀርቀሬንም ጨዋነት አደረጉልኝ። «ካሳደጉ አይቀር እንደ ሙሉዬ ነው፤ ዓይኗን እንኳ ቀና አታደርግም» እያሉ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ይመክሩብኛል። በአገሬ ጭራቅ፣ በሰባተኛ የቁጥብ ሴት ምሳሌ። ሳቄን የምይዘው በመከራ ነበር።

ጎረቤቴ ሁሪያ ሹሩባ ሠሪ ናት። ባሏ ይመር ምን አለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት የከሰል ምድጃ ይሠራል። አንድ ጊዜ በዓል ሲደርስ ሁሪያ «ዘንድሮስ ሳልሠራሽ አልለቅሽም» ብላ ጎትታ ጉልበቶቿ መሀል አስቀመጠችኝና ሻሼን ከኋላ ፈታችው። እጇ ቀጥ አለ።

«ሙሉዬ» አለች።

«አቤት።»

«እነዚህ እኮ ደርቀዋል። ቅቤ ሻጭ ሆነሽ አታፍሪም?»

እባቦቼ ለጋ ቅቤ ሲነካቸው አንድ በአንድ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እሷም እያንጎራጎረች ጎነጎነቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሪያን እንደ እህቴ ወደድኳት። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው።

የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ሹሩባ የሚሠራው ከኋላ ሆኖ ነው፤ ሲያልቅ ግን ሠሪዋ «ዙሪ ልይሽ» ትላለች፤ መስመሩ ግንባር ላይ ቀጥ ማለቱን ሳታይ አትለቅም። እኔ ሻሼን ጣል አድርጌ እሮጣለሁ። እሷ «ሥራዬን ንቀሽ ነው» ብላ ታኮርፋለች። ድንጋይ ሆነሽ እንዳትቀሪብኝ ነው ማለት ግን አቃተኝ። በዚህ ዓለም ያለችኝ ሰው እሷ ናት፤ እሷን ከማጣ ኩርፊያዋን መረጥኩ።

አንድ ቀትር ላይ ግማሽ ራሴ ተሠርቶ ሳለ ይመር እንግዳ አስከትሎ ገባ።

«ሁሪያ፣ ምሳ አቅርቢ። ይሄን ሰው በድዬዋለሁ።»

እንዳቀረቀርኩ የእንግዳውን እግር አየሁት። ጫማው የአገሬ ጫማ ነው፤ ከጎኑ ሰይፍ ተንጠልጥሏል። ብብቱ ሥር ደግሞ አዲስ የከሰል ምድጃ ታቅፏል።

ፔርሴዎስ የሚሉት ጀግና ነበር። እኔን በቀጥታ ሳያይ አንገቴን ሊቆርጥ ያሰበው እንደ መስታወት በተወለወለ ጋሻው ውስጥ መልኬን እያየ ነው። በመርካቶ ግፊያ የጋሻው ማንገቻ ቢበጠስበት ይመር ዘንድ ወስዶ መሬት ላይ አስቀመጠውና ጠፍር ሊገዛ ዞር አለ። ምን አለሽ ተራ ደግሞ መሬት ላይ የተቀመጠ ብረት ባለቤት የለውም። ሲመለስ ጋሻው ምድጃ ሆኖ ጠበቀው።

«ምን ላድርግ፣» ይላል ይመር፣ «ብረቱ ጥሩ ነበር።»

ፔርሴዎስ እባቦቼን ሲያይ አወቀኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰይፉን መዘዘና በዳበሳ ወደ እኛ መጣ፤ ምድጃውን ግን አልለቀቀም። ሁሪያ ማበጠሪያዋን ዘረጋችበት።

«ወንድሜ፣ ሥራዬ ሳያልቅ የእሷን አንገት የሚነካ የለም። ቁጭ በል።»

ይመር ሰይፉን ከእጁ ተቀብሎ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ሰውዬው ዓይኑን እንደጨፈነ በአገሬ ቋንቋ ይጮሃል።

«ምን ይላል?» አለችኝ ሁሪያ።

መዋሸት እችል ነበር፤ ሰለቸኝ።

«ዓይኗን ያየ ድንጋይ ይሆናል ይላል። እውነቱን ነው። የማልዞርልሽ ለዚህ ነው።»

ሁሪያ ማበጠሪያዋን አወረደች።

«ንቀሽኝ አይደለም?»

«ኧረ አይደለም።»

የቀረውን ጎነጎነች። ስትጨርስ አገጬን ያዘችኝ።

«ዙሪ።»

«ሁሪያ፣ በአላህ ይዤሻለሁ።»

«ዙሪ አልኩሽ። ድንጋይ ብሆንም ይመር ምድጃ ያደርገኛል።»

ዞርኩ፤ ዓይኔን ግን ጨፈንኩ።

«ግለጪው። ስትጨፍኚ ግንባርሽ ይጨማደዳል፣ መስመሩ አይታይም።»

ገለጥኩት። ቀና ብዬ ያየሁት የመጀመሪያው የሰው ፊት የሁሪያ ነው። አፍንጫዋ ላይ ነጠብጣብ አለ፣ ፊት ለፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ጉንጯን ቅቤ ነክቶታል። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ቅንድቧ እንኳ አልተነሳም። ገደልኳት አልኩ በልቤ።

«በግራ በኩል ጠሟል» አለች። «ጠርጥሬ ነበር። ይፈታል።»

እንባዬና ሳቄ አንድ ላይ መጣ። ፔርሴዎስ መጀመሪያ አንድ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ሁለቱንም ገለጠ። እኔን አየኝ፣ እጁን አየ፣ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ከዚያ ምድጃውን ቀስ አድርጎ ለይመር አቀበለው፤ ይመርም ከሰል አቀጣጠለበትና ወጡን ጣደ።

«ዙሪ እንግዲህ፣ ልፍታው» አለች ሁሪያ።

«አልዞርም። ከፊት ሆነሽ ሥሪኝ።»

«ከፊት ሆኖ ሹሩባ ሲሠራ የት አይተሻል?» ብላ ተቆጣችና፣ በርጩማዋን አንስታ ከፊቴ አስቀመጠችው።