የሙርሳል ዙምባራ

ሼህ ማህጁብ ዙምባራቸውን ከንፈራቸው ላይ ደቅነው አንዴ «ዱ» አደረጉና አወረዱት። አፋቸውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ወንበሩ ላይ ተደገፉ።

ኤልያብ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። የመቅጃው መርፌ አንዴ ብድግ ብሎ ተመልሶ ተኝቷል።

«ይቀጥሉ እንጂ፣ አባባ።»

«እኔ ጨርሷል» አሉ ሼህ ማህጁብ።

«ዜማውስ?»

«ዜማው ሆሞሻ ነው።»

ኤልያብ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ አስረሳሽ ዞረ። አስረሳሽ ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዲያፍን የተቸነከረውን ብርድ ልብስ ትመለከታለች። ሌላ የምትመለከተው አልነበራትም፤ ጥፋቱ የእሷ ነው።

ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ናት። «ለፊልሙ ማጀቢያ የሚሆን አንድ ምርጥ የዙምባራ ተጫዋች እንዲላክልን» ብላ፣ አስፈርማ፣ ማኅተም አስመትታ። የሆሞሻ ሰዎችም በደብዳቤው መሠረት አንድ ምርጥ ላኩ። ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራው ይህ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ግን ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለቱን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ጣል ያደርጋል፤ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ተለቃቅሞ ነው። አስረሳሽ አሶሳ ከተመደበች ሁለት ዓመቷ ነው። በበዓል ቀን ከሕዝቡ ኋላ ቆማ ዙምባራ ሰምታለች፣ እንባዋም መጥቶ ያውቃል፤ ማን ምን እንደሚነፋ ግን አንድም ቀን ቀረብ ብላ አላየችም። በድምፅ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲጽፍ ያሳፍራል፤ እሷም አፈረች።

«እትዬ አስረሳሽ» አለ ኤልያብ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ፣ «ፊልማችን ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ነው። ይቺን አንድ ድምፅ ብንዘረጋት ትደርስ ይሆን?»

«ሳቅ፤ ይገባሃል» አለችው።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ ፊልሙም የመጀመሪያው ነው። ቅዳሜ ከየወረዳው ተወካዮች ይመጣሉ፤ ከቡለን የሚነሳው ሰው ሆሞሻን፣ ከሆሞሻ የሚነሳው ወንበራን በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ እርስ በርስ የሚተያዩት በዚህ ፊልም ነው። ፊልሙን የሚያሠራው ቢሮ ኃላፊ አቶ ዓብዱልባሲጥ የሰጡት ቀነ ገደብ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ነው። የዙምባራው ማጀቢያ እስከዚያ ካልደረሰ በኤልያብ ኪቦርድ የተሠራው ይገባል። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

የኤልያብ ማጀቢያ አልቋል። ልጁ ከአዲስ አበባ ኪቦርዱን ታቅፎ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ሲሆን፣ እጁ ላይ ሐሰት የለም። ቫዮሊኑም፣ ከበሮውም፣ ከሩቅ የሚሰማው መዘምራንም ከዚያች አንዲት መሣሪያ ይወጣሉ። ፊልሙ ሲጀምር ይጀምራል፣ ሲያልቅ ያልቃል፤ በመሐል እስትንፋስ የሚያህል ክፍተት የለውም። አስረሳሽን ያበሸቃትም ይኸው ነበር።

«የዛሬ ፊልም ሁሉ እንዲህ ነው» አለች፣ ለሼህ ማህጁብ ሻይ እየቀዳች። «ሙዚቃው ዝም አይልም። ሰውየው በር ሲከፍት ሙዚቃ፣ ሲዘጋ ሙዚቃ። ከወጣህ በኋላ ግን አንዲት መስመር አንጎራጉር ብትባል የለህም።»

«እንዲንጎራጎር አይደለማ የሚሠራው» አለ ኤልያብ። « የድሮው ይናገር ነበር፤ አሁን ልታለቅስ ነው፣ አሁን ሊመታው ነው እያለ ያሳብቃል። የዛሬው አይናገርም፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ማንጎራጎር አይቻልም፤ ወንበር ትቶ መውጣትም አይቻልም።»

እውነት አለው፤ አስረሳሽም ታውቃለች። ግን እሷ የፊልም ሙዚቃ የተማረችው በዓይን አልነበረም። አባቷ ድሬዳዋ የሲኒማ ቤት ማሽን አንቀሳቃሽ ነበር። ሕፃን ወደ አዳራሹ መግባት ክልክል ስለሆነ ከማሽኑ ክፍል ጀርባ፣ የፊልም ቆርቆሮ በሚደረደርበት እቃ ቤት ተቀምጣ በግድግዳው ታዳምጥ ነበር። ልጇን የምትፈልገውን የህንዷን እናት በዋሽንቷ ታውቃታለች፤ በፉጨት የሚመጣውን ፈረሰኛ በፉጨቱ፤ መርከቡ ሲሰጥም የሚያለቅሱትን ቫዮሊኖች አንድ በአንድ። ከሁሉም በላይ ግን ዝምታውን ታውቀዋለች። ሙዚቃው ድንገት ሲቆም ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሕዝብ ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማታል፤ ያን ጊዜ እሷም ትይዛለች።

የምትወዳቸውን በአባቷ ቴፕ ቀድታ አንድ ካሴት ሞልታለች፤ ማለትም የካሴቱን አንድ ገጽ። ሬዲዮ ጣቢያ በተቀጠረችበት ሳምንት አባቷ ካሴቱን ሲሰጣት «ሁለተኛው ያንቺ ነው፤ የራስሽን ስትሠሪ ቅጂበት» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የቀዳችው ንግግርና መግለጫ ነው። በአንድም ሥዕል ሥር ሙዚቃ አስገብታ አታውቅም። ለዚህ ነው ይህ ፊልም ከእጇ ከወጣ ሌላ ይመጣል ብላ ራሷን ማታለል ያቃታት።

ኤልያብ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካሴት አገላበጠ። «ይሄኛው ገጽ ባዶ ነው መሰለኝ፤ የኔን ልገልብጥበት?»

«አይሆንም።»

«ባዶ ነው እኮ።»

«ባዶ አይደለም። የሚገባበት አልመጣም።»

ሼህ ማህጁብ ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ። «ቢንቲ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አሁን መኪና አምጣ። ሆሞሻ እንሂድ። ዜማውን ይዘን እንመጣል።»

ሮብ ማለዳ በቢሮው ላንድክሩዘር ሄዱ። ሆሞሻ ላይ ሰዎቹን መሰብሰብ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ አንዱ እርሻ ላይ ነው፣ አንዱ ገበያ፣ አንዱ ለቅሶ ቤት። ደግነቱ የዙምባራ ሰው ሌሎቹ ሲጠሩት እንቢ አይልም፤ ቢቀር ዜማው እንደሚጎድል ያውቃል። አሥረኛውን ከገበያ አንሥተው ሲጭኑ አስረሳሽ ደስታዋ ፊቷ ላይ ወጥቶ ነበር። አሥራ አንደኛው ሙርሳል ግን ወባ ይዞት አልጋ ላይ ነው። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እየተንቀጠቀጠ ዙምባራውን ከጣሪያው ማገር ላይ አስወርዶ ሰጣቸው።

«እኔ አይመጣም» አለ። «እሱ ይሂድ።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አንዱ ሰዎች በክፍሏ ዙሪያ ቆሙ፤ የሙርሳል ዙምባራ ግድግዳውን ተደግፏል። ሼህ ማህጁብ በእግራቸው መሬቱን መቱና ጀመሩ። ድምፁ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ክፍሉን ዞረ። መጀመሪያው ያምራል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ሲደርስ ይሰበራል። እንደገና ይዞራል፤ እዚያው ይሰበራል። ያልተነፋችው ድምፅ ከተነፉት ሁሉ ይልቅ ጎልታ ትሰማለች። ሰዎቹ ሳይነጋገሩ አቆሙ።

«ሙርሳል» አሉ ሼህ ማህጁብ፣ ክፍተቱን በጣታቸው እያሳዩ፣ ሰውየው እዚያ የቆመ ይመስል።

«ይቺማ የኔ ሥራ ናት» አለ ኤልያብ፣ ወደ ኪቦርዱ እየሄደ። «አንድ ድምፅ አይደለች? ይንፉልኝ እስቲ።»

ሼህ ማህጁብ የሙርሳልን አንሥተው ነፉ። ኤልያብ አንድ ቁልፍ ነካ፤ ከፍ አለ። ከሥሩ ያለውን ነካ፤ ዝቅ አለ። ደጋግሞ ነካካ። ሰዎቹ ከት ብለው ሳቁ።

«በሁለቱ መሐል ናት» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ ላይ የለችም።» አስረሳሽ ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት አልፏል።

ለመሳቅም ለመበቀልም ጊዜ የላትም። «ሳንባ አለህ?» አለችው።

«ምን?»

«ንፋዋ።»

ሼህ ማህጁብ ዙምባራውን እጁ ላይ አስቀመጡለት። መጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ ቀጥሎ የጥጃ ድምፅ ወጣ፤ አራተኛው ላይ የሙርሳል ድምፅ ወጣች። ያ ግን ቀላሉ ነበር። ዜማው ሲጀመር አንዴ ቀድሞ ገባ፣ አንዴ ዘገየ፣ አንዴ በሰው ተራ ላይ ጮኸ። በአሥር ጣቱ የሙሉ ኦርኬስትራ ሥራ የሚሠራ ልጅ አንዲት ድምፅ በቦታዋ ማስቀመጥ አቅቶት ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሼህ ማህጁብ አዩት።

«ምን ይላል?»

«እየቆጠርኩ ነው።»

«አይቆጠርም። ከአንተ ፊት ይሄ አለ» አሉ፣ በስተቀኙ የቆመውን ሰው እየነኩ። «እሱን ስማ። እሱ ሲለቅ፣ አንተ ያዝ። ኸላስ፣ በቃ።»

ኤልያብ ዓይኑን ጨፈነ። ዜማው ዞረ፤ ሰውየው ለቀቀ፤ እሱም ያዘ። ሌላው ደግሞ ከእሱ ተቀበለ። ቀዳዳው ተደፈነ፤ ዜማው ሳይሰበር ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ዞረ። አስረሳሽ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነች። ደስ አላት፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

አቶ ዓብዱልባሲጥ ስድስት ሰዓት ላይ መጥተው ማጀቢያው የገባበትን ፊልም አዩ። እያዩ ሳለ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ።

«ወይዘሮ አስረሳሽ፣ መጀመሪያው ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሙዚቃ የለም። ቴፑ ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም። የሰው እግር ይሰማል፣ የወንዙ ውኃ ይሰማል፣ ሴቶቹ ሲጨዋወቱ ይሰማል። ሰው መጀመሪያ ይይ፤ ከዚያ ይሰማል።»

«ተወካዮቹ ተበላሸ ቢሉስ?»

«እኔን ይጠይቁ» አለች።

«እኔንም» አለ ኤልያብ፣ ከንፈሩ አባብጦ። የሦስት ሳምንት ሥራውን አንሥቶ ጥሎ፣ ከኪቦርዱ ያስቀረው ሰዎች ወንዙን ሲሻገሩ ከሥር የሚሄደውን አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ነበር። አስረሳሽ ያ ድምፅ እንዲወጣ አልፈቀደችም፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ያለው እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ መስኮት ሁሉ በብርድ ልብስ ተሸፈነ። ከየመሥሪያ ቤቱ የተለቀሙ አራት ቴሌቪዥኖች በጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ ጀነሬተሩ ከሕንፃው ጀርባ ራቅ ተደርጎ ነው የተተከለው። ሰው ከመቀመጫው አልፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። አሥራ አንዱ ደቂቃ አስረሳሽን ከሃያ ሁለቱ ዓመት በላይ ረዘመባት። አንዱ አሳለ፤ አንዱ «ድምፁ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ፤ ሰዉ ከቴሌቪዥኑ የራሱን እግር ዳና በጠጠር ላይ እየሰማ ዝም አለ። የድሬዳዋውን ግድግዳ አወቀችው። ያ ትንፋሽ ነው።

በገበያው ሥዕል ላይ የመጀመሪያው ዙምባራ ገባ። ሁለተኛው ተቀበለው። ሦስተኛው። አዳራሹ ተነሣ። ከሆሞሻ የመጡት በእግራቸው መሬቱን እየመቱ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ዜማውን የማያውቁት የወንበራ ሽማግሌ ሳይቀሩ በከዘራቸው ወለሉን እየደበደቡ ተከተሉ። ከኋላ በር አጠገብ በጋቢ የተጠቀለለ አንድ ከሲታ ሰው ግን እጁን ሽቅብ አንሥቶ ቆመ።

«ያ ድምፅ የኔ ነው» አለ ሙርሳል። «ማን ነው የሚነፋ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊልሙ ሲያልቅ ይደገም ተባለ፤ ተደገመ። ሦስተኛ ጊዜም ይደገም ተባለ። አቶ ዓብዱልባሲጥ እጃቸውን ለማንሣት ሞክረው፣ ሰሚ ሲያጡ እሳቸውም ተቀመጡ።

ኤልያብ ሙርሳልን ፈልጎ በር ላይ አገኘው። እንደ ጥፋተኛ ቆመና «እኔ ነኝ» አለው።

ሙርሳል የልጁን ያበጠ ከንፈር አየ። «ትንሽ ዘግይቷል» አለ። «ትንሽ ብቻ። ግን ቦታዬ አልጠፋም።» ከዚያ ትኩሳት ያልለቀቀውን እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። «አርብ ሆሞሻ ና።»

«ሰኞ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብዬ ነበር» አለ ኤልያብ። አስረሳሽን ዞር ብሎ አያት፤ ወደ ሙርሳል ተመለሰ። «አርብ በስንት ሰዓት?»

አስረሳሽ ወደ ቢሮዋ ብቻዋን ሄደች። መስኮቱን ስትዘጋ ሕዝቡ ከአዳራሹ እየወጣ ዜማውን ሲያንጎራጉር ትሰማለች፤ ብቻውን የሚወጣው ጓደኛውን ጠርቶ፣ ተራ ተከፋፍለው። ካሴቱን ከመሳቢያ አወጣች። የሞላውን ገጽ አንድ አፍታ አየችው፤ የእናትየዋ ዋሽንት፣ የፈረሰኛው ፉጨት፣ የመርከቡ ቫዮሊኖች እዚያው ናቸው። ገለበጠችው፤ ቴፑ ውስጥ አስገባችው፤ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። ሙዚቃውን ግን ወዲያው አልለቀቀችም። መጀመሪያ ጥቂት ዝምታ ቀዳችበት።