ያልተረሳው ወንፊት

«…እና ሞተሯን በፒክአፕ ጭነው ሲያመጡለት ወንድሜ ምን ቢል ጥሩ ነው?» አለ አጎቷ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ እያመቻቸ። ለቀስተኛው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ ቢሆንም ሁሉም ጆሮውን ሰጠው።

«‹ልጄ፣ ሁሉንም ገጥመሽ ወንፊቱን ረሳሽው?›»

ሳቁ ቤቱን ዞረና፣ ለቅሶ ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አንድ በአንድ ጠፋ። ልጅቷም ፈገግ አለች። ዘመዱም ጎረቤቱም «ወንፊቷ» ብሎ ሲጠራት ዓመታት አልፈዋል። ስሙን ያወጣላት ሟች አባቷ ስለሆነ፣ ከቀብሩ ወዲህ በጠሯት ቁጥር የእሱን ድምፅ የሰማች ይመስላታል። በሳቁ መሀል የተውሶው አግዳሚ እግሩ ወልቆ፣ ጫፉ ላይ የተቀመጠው ወፍራሙ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ለጥቂት ከመውደቅ ተረፈ። ብሎኑን የምታጠብቅበት ፒንሳ ልታመጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጓሮ ያለው የአባቷ ጋራዥ እሱ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ቱታው ምስማሩ ላይ ነው፤ ጉልበቱ አሁንም የተንበረከከ ይመስላል። ጥጉ ላይ ሞተር ሳይክሏ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ወደዚያ ላለማየት ፊቷን አዙራ መሳቢያዎቹን ፈተሸች። ፒንሳው የለም። የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አገኘች፤ በጣሳው ውስጥ የተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ ነበር። ፈታችው።

ወንፊቱ ነው። የራሷ ወንፊት። ከእናቷ የሻይ ማጥለያ ላይ ቆርጣ፣ እንደ ጣት ጠቅልላ፣ ከተቃጠለ ኮይል በመዘዘችው የመዳብ ሽቦ ያሰረችው። የሽቦውን ጫፍ እጅ እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ ያጠፈችው እሷ ናት። አንገቱ ላይ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ የሚገባው የቤንዚን መክፈቻ ቧንቧ ክብ አሻራ አለ። ቧንቧ ላይ ገብቶ የማያውቅ ወንፊት እንዲህ ያለ አሻራ አይኖረውም።

በዚያን ጊዜ፣ ከአባቷ ጋር ጋራዥ ስትሠራ፣ የሰፈሩ ወንዶች እየመጡ በር ላይ ቆመው ያዩዋት ነበር። አባቷ የፈታውን ሞተር እሷ ትገጥማለች። «የቤንዚን መክፈቻ የሞተር ጉሮሮ ነው» ይላት ነበር። «ታንከሩ ሲያረጅ ይዝጋል፤ ዝገቱን የሚይዝልሽ ወንፊቱ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ ካርብሬተሩ ታንቆ ይሞታል።» ደግሞ ሁልጊዜ፣ ከሞተር በወረደች ቁጥር፣ «ስትወርጂ መክፈቻውን ዝጊ።» ረስታ ከሆነ ከበር መልሶ ያዘጋታል።

ከዚያ በሩቅ ከተማ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ድርጅት ሞተሮቹን የሚጠግን ሰው ፈለገና እሷን መረጠ። ሰኞ ጠዋት በራስሽ ሞተር ድረሺ አሏት። የአባቷን አሮጌ ሞተር ራሷ ፈታ መክፈቻውን እንደ አዲስ ሠራችው፤ የፋብሪካው ወንፊት ተቀዶ ስለነበር የራሷን ሠርታ አስገባች። አስገብቼያለሁ ብላ ነበር ቢያንስ። ሰኞ ጠዋት ትልቁ ዳገት ወገብ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገሸገሸና ጸጥ አለ። ሲመልሷት አባቷ መክፈቻውን ዓይኗ እያየ ፈታው። ቧንቧው ራቁቱን ነበር።

ወንፊቱን ጠረጴዛ ሥር ፈለገችው። አባቷም አብሯት ተንበርክኮ ፈለገ፤ ወገቡን እያመመው፣ በባትሪ እያበራ። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት። «እጅ ለሁሉም አይሰጥም፤ አንቺ የተሰጠሽ ጭንቅላት ነው» ብሎ አጽናናት፤ አመነችው። ከዚያ ወዲህ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። ወረቀት አስገብታ ቁልፍ ከመጫኗ በፊት፣ የረሳችው ነገር ያለ እየመሰላት፣ ሁለቴ ታያለች።

«ፒንሳው ጠፋ እንዴ?» እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ከዚያ በልጇ መዳፍ ላይ ያለውን አየች።

«የት አገኘሽው?» አለች። ምንድን ነው አላለችም።

ልጅቷ ይህንን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

እናቷ አሮጌ ጎማ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አባትሽ፣ አክስትሽን ተሰናብተሽ ነይ ብሎ የላከሽ ቀን ነው አለች። ታንከሩን አውርዶ ወንፊቱን ሲያወጣ እንደደረሰችበት፣ ምን እያደረግክ ነው ስትለው እንኳ ቀና እንዳላለ ነገረቻት። «‹ዳገቱ ላይ ትቆማለች፣ ከዚያ ትመለሳለች፤ ምንም አትሆንም› አለኝ።»

«ተመለስኩ።»

«ተመለስሽ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን እዋሽሻለሁ። ያለችን ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ለምን አልጣለውም ታዲያ?»

«ጣለው ብዬው ነበር፤ እንዴት ተደርጎ። እያወጣ ያየዋል። ‹እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንዲህ አሳምሬ ሠርቼ አላውቅም› ይለኛል።»

ለእናቷ ነግሯታል፤ ለእሷ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። ልጅቷን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይህ ነው። ሥራዋን ማሳጣቱ አንድ ነገር ነው፤ አብሯት ተንበርክኮ መፈለጉስ? ከቀብሩ ጀምሮ እንባዋን ያፈሰሰችለት ሰው ይህ አልነበረም። ተከድታለች፤ የከዳትም አፈር ለብሶ ተኝቷል፣ ሄዳ አትጮህበትም።

«ነይ ግቢ ልጄ፤ ሰው ምን ይላል።»

«ወንፊቷ ሥራ ላይ ናት በያቸው።»

እናቷ ከጎማው ላይ ተነስታ ሄደች። ልጅቷ ሸራውን ገፈፈች። የአባቷን ቱታ በጥቁር ልብሷ ላይ አጠለቀች፤ እጅጌውን ሦስት አራቴ ማጠፍ ነበረባት። ሁለቱን ብሎኖች በትንሽ መፍቻ ፈታ መክፈቻውን አወረደችው፤ ቧንቧው ያን ዕለት እንዳየችው ራቁቱን ነው። ቤንዚን እንዳይንጠባጠብ የሚይዘው የመክፈቻው ቀለበት ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ጎማ ከመሳቢያው አወጣች፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ጠረገች፣ የመክፈቻውን ፊት መስታወት ላይ ባነጠፈችው ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አሸችው። እጇ አንድም ነገር አልጠፋበትም፤ ተራውን ሳይቀር ያውቃል። ወንፊቱን ቧንቧው ላይ ስትገፋው የድሮ አሻራውን አግኝቶ ቁጭ አለ። ብሎኖቹንም እያፈራረቀች አጠበቀቻቸው፤ አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት፤ አባቷ እንዳስተማራት።

ለለቅሶው ጄኔሬተር ከተገዛው ቤንዚን ታንከሩ ውስጥ ጨመረች። ታንከሩን ያዝ አድርጋ ነቀነቀችው፤ ዝገቱ ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከቤንዚኑ ቱቦ ጫፍ ሥር የሻይ ብርጭቆ ደቅና መክፈቻውን ከፈተች። ቤንዚኑ እንደ ክር ወረደ። ቱቦውን በጣቷ ቆንጥጣ ብርጭቆውን አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። አንዲት ቅንጣት ዝገት የለበትም።

«አልረሳሁም ነበር» አለች ለቱታው።

አጎቷ ከቤት ውስጥ ተጣራ፤ ልብስ ሰፊው ቆሞ ሊያመሽ ነው ወይ ወንፊቷ፣ አለ። ብርጭቆውን ቱቦው ሥር መልሳ፣ ቱቦውን ለቃ ልትነሳ ስትል አውራ ጣቷ ሄዶ መክፈቻውን ዘጋው። አላዘዘችውም። ጣቷን አየችው፤ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ገብቶበት ቁርጥ የአባቷን ጣት መስሏል። ተናደደችና መልሳ ከፈተችው። ቤንዚኑ ብርጭቆውን ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ ቆማ አየችው። ከዚያ እያለቀሰች ጎንበስ ብላ ዘጋችው።