እሳት ላይ አይወራም

መምህር ፓን በሠላሳ አንድ ዓመት የብር ሥራ የማስተማር ዘመኑ ያወጣው ሕግ አንድ ነው፤ እሳት ላይ ያወራ ተማሪ ከመቀመጫው ይነሳል፣ አይመለስም። አምና የገዛ እህቱን ልጅ «ቀዩ ደረሰ!» ስላለ ብቻ አባሮታል።

ዘንድሮ ሕጉ መሸሸጊያው ሆኗል። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ዓይኑ ብሩ ለብየዳ ደርሶ ሲቀላ አይለይም። ትንፋሹን እየቆጠረ ነው የሚበይደው፤ ሃያ ሲሞላ እሳቱን ያነሳል። ይህ ቢታወቅ ማን ከእሱ ሊማር ይመጣል?

አምስቱ ተማሪዎች ከበውታል። ከሰሉ ላይ ያለው የአሮጊቷ የእማማ ሎንግ የአንገት ጌጥ ነው፤ ከእናታቸው የወረሱት፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጃቸው የምትዳርበት። ፓን በወለቀው አበባ ፈንታ ሌላ የብር አበባ ከለስላሳው ማዕድን ከእርሳስ በተሠራ ቅርጽ ላይ ቀጥቅጦ አውጥቷል። የቀረው መበየድ ነው።

«አንተ ፓን፣ ሳልሞት ትጨርሰዋለህ?» አሉ ከጎኑ ተቀምጠው የሚጠብቁት አሮጊቷ።

«እርስዎማ እኔንም ይቀብሩኛል፣ እማማ።»

የመንፊያ ቱቦውን በከንፈሩ ይዞ ነበልባሉን ወደ ብሩ መንፋት ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«መምህር፣ ያቁሙ! እርሳስ አለበት!»

ከአምስቱ አንዷ፣ የፋብሪካ ሥራዋን ጥላ ለመማር የመጣችው ዩላን ነበረች። የፓን ደም ፈላ። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ፓን ቱቦውን አስቀመጠና ብሩ እስኪበርድ ጠብቆ የአበባውን ጀርባ በጥፍሩ ዳሰሰ፤ አንድ ቦታ ላይ ጥፍሩ ሰመጠ። ብር እንዲህ አይለሰልስም። ከቅርጹ የተጣበቀች የእርሳስ ፍርፋሪ ነበረች፤ ትንሽ ብትግል ኖሮ ጌጡን እንደ ነቀዝ ትበሳው ነበር። ይህን ለስንት ተማሪ በመጀመሪያው ቀን አስተምሯል! አፈረ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«እርሳሱን? አሁን አየሁት።»

«ዓይኔን ነው የምልሽ።»

«ቆይተናል፣ መምህር። ሁላችንም።»

ዩላን እንባዋን እየጠረገች ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

«ሕግ ሕግ ነው፤ አንድ ሰው ይነሳል» አለ ፓን። ተነሳ። በርጩማውን በእግሩ ወደ እሷ ገፋ፣ የቱቦውን ጫፍ በሸሚዙ ጠርጎ አቀበላት።

«የእናቴን ጌጥ ለተማሪ?» አሉ አሮጊቷ።

«ለሚያይ ሰው ነው የሰጠሁት፣ እማማ።»

ዩላን እርሳሱን ፍቃ አጸዳችና መንፋት ጀመረች። ፓን ወደ አራቱ ዞረ። «ቀለሙን ንገሩኝ።»

አራቱ ተያዩ። በመጨረሻ አንዱ «ገና ጥቁር ቀይ ነው» ብሎ አንሾካሾከ።

«ጮክ በል!»

«ጥቁር ቀይ! አሁን ፈካ... ፈካ...»

«ቀዩ ደረሰ!» አሉ አራቱም ባንድ ድምፅ። ዩላን እሳቱን አነሳች። አበባው ይዟል።

ከሰዓት በኋላ ፓን ኮቱን ደረበና ወደ እህቱ ቤት ሄደ።