መነጽር እስኪመጣ

ሥራዬ የለውዝ ቅርፊት ማክሰል ነው፤ «ዶክተር» የሚሉኝም በዚሁ ነው። ከሰሉ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስለሆነ ኤሌክትሪክ በየቀዳዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከእሱ የሠራኋትን የልብስ ቁልፍ የምታህል የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ለአማቴ ላሳይ ደረቴን ነፍቼ መጣሁ።

«ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ትሞላለች!» አልኩና ሞልቼ ከትንሽ አምፖል ጋር አገናኘኋት። አምፖሏ ቦግ አለች።

«ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ አምፖሏ ጠፍታለች።

«ቶሎ የሚሞላ ነገር ቶሎ ያልቃል» ብዬ አስረዳኋቸው፤ የሳይንስ ሰው አይደለሁ!

አማቴ መነጽራቸውን አደረጉና አምፖሏን ትተው እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄን ለትዳር ልትጠይቀን የመጣህ ዕለትም እንዲሁ ቦግ ብለህ ነበር» አሉ።