እጅ ያልነካው ግማሽ ሰዓት

ኮምፒውተሩ ላይ ከጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ስም ጎን ያለው ቀይ ነጥብ አራት ሰዓት ላይ አረንጓዴ ሆነ። ኢልሃም ዐይኗን ተጠራጠረች። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ላይሰንሳቸውን፣ የፕሮግራሙን መጠቀሚያ ፈቃድ፣ ለቀቁ ማለት ደብተራ በማኅሌት መሀል መቋሚያውን ለሰው አውሶ ሄደ እንደማለት ነው።

«አብዱልመናን፣ ና እስቲ እይ።»

አብዱልመናን ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ። «ጋሽዬ? ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች? ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ ውሰጂው።»

ወሰደችው።

ቢሮው የሕንፃ ጥንካሬ የሚያሰላውን ፕሮግራም ሲገዛ ለአምስት መሐንዲስ ሁለት ላይሰንስ ብቻ ነው የገዛው። ሁለቱ ሲሠሩ ሦስቱ ይጠብቃሉ። ኢልሃም ጀርመን ተምራ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ነው፤ በመጣች በወሩ ሰርቨሩ ላይ አንድ ሕግ አስገባች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ኪቦርዱንም ማውሱንም ያልነካ ሰው ላይሰንሱን ይነጠቃል፤ ተራ የሚጠብቅ ይወስደዋል። በተማረችበት አገር ማንም በዚህ ቅር አይሰኝም። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ግን ቅር ተሰኙ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የያዙትን እስከ ማታ አይለቁም፤ ሻይ ሲጠጡም ስልክ ሲያወሩም በየመሀሉ አንድ ቁልፍ መታ ያደርጋሉ።

«ልጄ፣» ብለዋት ነበር አንድ ቀን፣ «ሰው ዝም ስላለ የለም ይባላል? እኔ እኮ አብዛኛውን ሥራ የምሠራው ዝም ብዬ ነው።»

«ማሽኑ ይህን አያውቅም፣ ጋሼ» አለቻቸው። ጥሩ መልስ የመለሰች መስሏት ነበር።

የሳንጃው ትምህርት ቤት ስሌት እስከ ስምንት ሰዓት መድረስ አለበት፤ ከጠዋት ጀምራ ተራ ስትጠብቅ ነው የቆየችው። ስለዚህ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ምን ነክቷቸው እንደለቀቁ አልጠየቀችም። ብትጠይቅም መልሱ ቅርብ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው፣ የክፍላቸው በርም ዝግ ነው። በጾም ወራት በራቸውን ዘግተው ዳዊት እንደሚደግሙ የማያውቅ የለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚያ በር ሲያልፍ እርምጃውን ያለዝባል። አባቷ የጨርቅ ሱቃቸውን ለሰላት ሲዘጉ ላንኳኳ የሚል ጎረቤት እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም በር የሚያንኳኳ የለም። ጸሎቱ ስቧቸው ረሱት፣ አለች በልቧ። ደስም አላት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስሌቱ አለቀ። የእሳቸውን ይዛ መዋሏ ትንሽ ከነከናትና ለምሳ ከመነሣቷ በፊት ላይሰንሱን መለሰች፤ እንደ ልማዳቸው ነጠቅ አድርገው እንዲወስዱት። ከስሟ ጎን ያለው ነጥብ አረንጓዴ ሆነ፤ ሌሎቹ ለምሳ ተነሥተዋል። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቆማ ጠበቀች። የሚወስደው ጠፋ። ጸሎት ይህን ያህል አይረዝምም።

ሄዳ አንኳኳች፤ ድምፅ የለም። ከፈተች።

ከወንበራቸው ተንሸራተው ጠረጴዛውና ግድግዳው መሀል ወድቀዋል። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ደረታቸው ላይ ተለጥፏል። ይተነፍሳሉ። ዐይናቸው ክፍት ነው፤ ግን አያያትም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ወጣቱ ሐኪም ጣታቸውን ወግቶ ደማቸውን ለካ፤ ወዲያው ግሉኮስ አዘዘና መጋረጃው ተጋረደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሽ ነጠላቸውን በወጉ ሳያጣፉ ደረሱ።

«ስኳር አለበት» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ጠዋት መርፌውን ወግቶ ነው የወጣ፤ እህል ግን አልቀመሰም። አትጹም ቢሉት አልሰማ አለ። መርፌዬን ከወጋሁ ምን ያስፈራሻል ይለኛል።»

ሐኪሙ ከኢልሃም ጋር ተሸክሞ ወዳመጣቸው አብዱልመናን ዞረ። «ራሳቸውን ከሳቱ ምን ያህል ይሆናል?»

«አሁን ነው ያገኘናቸው። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው። አሁኑኑ ይነቃሉ። ካልነቁ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን።»

ወይዘሮ ይመኙሽ «ተመስገን» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ኢልሃም በልቧ አሰላች። ነጥቡ አረንጓዴ የሆነው አራት ሰዓት ላይ ነው። ማሽኑ ደግሞ ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ጠብቋል። ሕጉን ያስገባችው እሷ ናት፤ እዚህ ከቆሙት ሰዎች ይህን ሒሳብ የሚያሰላ ሌላ የለም። ዝም ብትል ግማሽ ሰዓት ተብሎ ይቀራል። ሐኪሙም በሽታውን ከሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

«ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው» አለች።

ሐኪሙ ቀና አለ። «አይተሻቸው ነበር?»

«አላየኋቸውም። ሰው ግማሽ ሰዓት ኮምፒውተሩን ካልነካ ማሽኑ ይነግረናል። አራት ሰዓት ላይ ነግሮናል።»

«ሲነግራችሁ ምን አደረጋችሁ?»

«ሥራዬን ሠራሁ።»

ሐኪሙ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ወደ መጋረጃው ገባ፤ ነርሷን በጥድፊያ ሌላ ነገር ሲያዝ ተሰማ። አብዱልመናን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወይዘሮ ይመኙሽ ከአግዳሚው ላይ ሽቅብ አዩአት። «ምነው ልጄ፣ ማሽን ያወቀውን እናንተ ሳታውቁ?»

ኢልሃም ስለዚህ ነገር በጀርመንኛ ገጽ ሙሉ መጻፍ ትችል ነበር። አሁን ያገኘችው ግን ይህን ብቻ ነው። «ማሽኑም መታመማቸውን አላወቀም፣ እትዬ። ቦታቸው ባዶ ነው ብቻ ነው ያለን።»

«ማን ገባበት?»

«እኔ።»

ሴትዮዋ ዐይናቸውን አልነቀሉም። የተናደዱም ያዘኑም አይመስሉም ነበር፤ ሩቅ መንገድ ላይ የሚመጣን ሰው ማንነት ለመለየት እንደሚሞክር ሰው ነው ያዩአት።

መጋረጃው ተገለጠ። «ቤተሰብ» አለች ነርሷ፤ ከፊቷ ምንም አይነበብም።

ወይዘሮ ይመኙሽ ተነሡ፤ ሲነሡም የኢልሃምን ክንድ ያዙ። ጥፍራቸው በሸሚዟ እጅጌ አልፎ እስኪሰማት ድረስ አጥብቀው ነው የያዙት። መደገፊያ ፈልገው ይሁን እንዳታመልጥ፣ ኢልሃም መለየት አልቻለችም። ወደ ውስጥ ሳቧት፤ ክንዷን ሳታስለቅቅ ተከተለቻቸው።