የስኳሩ ውሃ

በኩባያው ውስጥ ያለው የስኳር ውሃ ጥርት ብሎ፣ ምንም የማያውቅ መስሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ ነው፣ እህቴ» አለች ሲስተር ማስተዋል። «ስድስተኛ ወር ላይ ነፍሰ ጡር ሁሉ ይጠጣዋል። ከዚያ ደምሽን እንለካለን።»

ሥርጉት እጇን አላነሳችም። አጠገቧ አማቷ ወይዘሮ አልታየች፣ የቄስ ሚስት፣ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ።

«ጠጪው እንጂ! ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣነው ውርጩን ልንቆጥር ነው?»

ሥርጉት ድሮ ስትራመድ የአንኮበር ዳገት ራሱ ያለከልክ ነበር፤ ሚኒባስ ስትሳፈር ረዳቱ ጎማውን አይቶ ያማትብ ነበር። «ጠበል ልግባ» ብላ ወጣችና አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ አርፋ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አስቀነሰች። ከባሏ ከቃለ አብ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም። ከርማ፣ ግማሿን ጥላ ስትመለስ አልታየች «ጠበሉ!» ብለው እልል አሉ። ወሬው እግር አወጣ። ደነባ ሲደርስ ጠበሉ የሁለት ሰንጋ ጮማ ከላይዋ ገፍፎ ነበር። ደብረ ሲና ሲወርድ፣ ጮማው በጎርፍ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ የሚል የጭነት መኪና ሹፌር ተገኘለት። ጣርማ በር ላይ ደግሞ በዚያው ስብ የመኪናው መንገድ ዋሻ ውስጥ ዓመት ሙሉ ኩራዝ በራ ተባለ። ሥርጉት ስቃ አለፈችው። ማንን ይጎዳል ብላ።

ይስማውን ጎዳ። የአልታየች ታናሽ ወንድም ስኳር ነበረበት፤ ሥርጉትን አየና የኢንሱሊን መርፌውን ገደል ወርውሮ ጠበል ገባ። ባለፈው ኅዳር ቀበሩት። አልታየች ለለቀስተኛው ሁሉ «ጠበሉ አልከዳውም፣ ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ። እስከ ዛሬ የቆሙት በዚያች ቃል ተደግፈው ነው።

ቀዶ ጥገናውን የሠራላት ሐኪም ያላትን ሥርጉት አልረሳችም። «ከእንግዲህ ጣፋጭ ነገር በኩባያ አይጠጣም፤ ስኳሩ ባንዴ ደምሽን ይወርና መልሶ ያሽቆለቁላል፤ ካረገዝሽ ንገሪ።» ባለፈው ወር ክርስትና ቤት ግማሽ ብርሌ ብርዝ ቀምሳ ልቧ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ላብ አጥምቋት ወደቀች። ልጁም እስከ ማታ አልተገላበጠም።

ብትጠጣ ልጇ ምን እንደሚሆን አታውቅም። ብትናገር አልታየች ምን ይደገፋሉ?

«እማማ፣ ትንሽ ውጭ ይቆዩኝ።»

«ወዴት? ቃለ አብ አደራ ብሎኝ! ስኳር ውሃ ፈርተሽ ምጡንስ እንዴት ልትሆኚ ነው?»

ኩባያውን አነሳች። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ልጁ ጎኗን ረገጣት። መልሳ አስቀመጠችው።

«ሲስተር፣ ይህን መጠጣት አልችልም። ጨጓራዬ ተቆርጧል። አዲስ አበባ፣ በቀዶ ጥገና። የከሳሁት በዚያ ነው።»

ሲስተር ማስተዋል ኩባያውን ነጥቃ አራቀችው። «እንዲህ ያለ ነገር አሁን ነው የሚነገረው? እንኳን ተናገርሽ! ላንቺ ይህ ምርመራ አይሆንም። ሳምንት ሙሉ እቤትሽ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ ጣትሽን ወግተሽ ትለኪያለሽ። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ብይ።»

መቁጠሪያው ቆመ።

«ጠበሉስ?» አሉ አልታየች። ድምፃቸው የሕፃን ሆነ።

«አልገባሁም፣ እማማ።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።»

«ይስማው እኮ…» አሉና ቀሪውን ዋጡት።

ሲስተሯ ምንም አላወቀችም፤ የመለኪያ መሣሪያውን ከካርቶኑ አወጣች። «ራሷን መውጋት ይከብዳት ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚወጋላት ሰው ቢማር ይሻላል። ማን ይማር?»

አልታየች ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። እጀታውን ይዘው ቆሙ፤ ጀርባቸው ብቻ ይታያል። ቆይተው ተመለሱ።

«አሳዪኝ» አሉ።

የሥርጉትን ጣት ያዙና እንደታዘዙት ወጉ። ደሙ ጠብ አለ። ሲስተሯ ቁጥሩን አንብባ «ለጊዜው ደህና ነው» አለች። አልታየች ግን ጣቱን አልለቀቁም። እስኪነጣ ድረስ ጨምቀው ያዙት። ሥርጉትን አመማት፤ አልጎተተችውም። ቀና ብላ ፊታቸውን ለማየትም አልደፈረችም።