ያልኩት እንዳለ ይጻፍ

ሱፐርቫይዘሩ የጠራኝ የምስክርነት ወረቀቱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ገጹ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ተሞልቷል። ከሥር አንድ መስመር ተሰምሮ ባዶ ቦታ ተትቷል። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ለእኔ የደረሰችኝ ያቺ ባዶ ቦታ ብቻ ናት።

«ያው የተለመደው ነው እታለም» አለኝ እስክሪብቶ እያቀበለኝ። «እዚህ ጋ ጫር አድርጊና ወደ ሥራሽ።»

የዚህን ሰው ውለታ አልክድም። በዚህ የልብስ ማጠቢያ ቤት የእኛንም ቋንቋ እንግሊዝኛውንም አቀላጥፎ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፈቃድ ወረቀቴን፣ የሕክምና ወረቀቴን፣ የልጄን የትምህርት ቤት ፎርም ሳይቀር የሞላልኝ እሱ ነው። ሻይ ልጋብዝህ ብለው እንኳ እሺ አይልም። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ይላል ብዬ ሳልጠይቅ ስጭር ኖሬአለሁ።

«እስኪ አንብብልኝ» አልኩት።

ቅር አለው፤ ቢሆንም ወደ እኛ ቋንቋ እየመለሰ አነበበልኝ። ሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ማስጠንቀቂያውን ችላ ብላ፣ በገዛ ጥፋቷ፣ እጇን ወደሚዞረው ማሽን ስታስገባ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል።

«እኔ ይህን አላልኩም።»

«ሐሳቡ ያው ነው።»

«ያው ከሆነማ ያልኩትን እንዳለ ጻፍ።»

ባልደረባዬ የሚላት ሳቂታዋን ነው። እኔና እሷ ሰባት ዓመት በአንድ መተኮሻ ማሽን ላይ ቆመናል። የሆስፒታል አንሶላ እርጥቡን ይመጣል፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን ወጥረን ለሁለቱ ትኩስ ሲሊንደሮች እናጎርሳቸዋለን። ከሲሊንደሮቹ ፊት ለፊት የብረት መከለያ አለ። እጅ ከነካው ማሽኑ ቀጥ ይላል። ችግሩ፣ አንሶላ ሲጨማደድም ቀጥ ይላል። በቀን ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። አርብ ከሰዓት ሱፐርቫይዘሩ ቁልፍ ይዞ መጣና መከለያውን ፈታው። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማሽኑ የሳቂታዋን ቀኝ እጅ ከአንሶላው ጋር ጎተተው። እሪታዋን ሰምቼ ማጥፊያውን እስክመታ ድረስ ሦስት ጣቶቿ ላይ የደረሰውን አልነግራችሁም። ሰኞ ከምሳ በኋላ ከሆስፒታል ስመለስ መከለያው ምንም እንዳልተፈጠረ ቦታው ላይ ታስሮ አገኘሁት።

እንግዲህ እኔ ያንን ወረቀት ብፈርም ሳቂታዋ በገዛ እጇ እጇን አጣች ይባልና ትሰናበታለች። ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት በሁለት ጣት የትም አትቀጠርም። ሌላ ያየ ሰው የለም።

«እኔ የምናገረውን ካልጻፍክ ራሴ እጽፋለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ክፉ ሳቅ እንኳ አልነበረም፤ ሕፃን መኪና ልንዳ ሲል የሚሳቀው ዓይነት ነው። እሱ ነው ደሜን ያፈላው።

ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ይነበባል፣ ያልተባለም አይጻፍም የሚለውን ያስተማሩኝ እትዬ ሾፌር ናቸው። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው አለ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ፣ እኔን መሰል ዘጠኝ ጎልማሶች በነፃ ያስተምራሉ። ስጀምር ባለቤቴ «መነጽር ካስፈለገሽ በኋላ ትምህርት?» ብሎ ሳምንት ሙሉ ቀልዶብኛል። ማንበብ የማይችሉትን የሚያስጀምሩት በመጽሐፍ አይደለም። አንዳችንን ያስነሱና «ውሎሽን ንገሪን» ይላሉ። በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛችን ስንናገር ከአፋችን እየለቀሙ ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ ያንኑ የራሳችንን ቃል ያስነብቡናል።

የመጀመሪያ ቀን እኔ ተነስቼ «ትናንት እኔ አውቶቡስ ሄደ፣ እኔ ሩጫ፣ አውቶቡስ የለም» አልኩ። እንዳለ ጻፉት። ጎኔ የተቀመጠው ቀለም ቀቢ ትክክል እንዳልሆነ ሲነግረኝ ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

«ስህተት መሆኑን እያወቁ ለምን ይጽፋሉ?» ብዬ ተቆጣሁ፤ ቀለም ቀቢው አስተረጎመልኝ።

«የተናገርሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ስታውቂ ታርሚዋለሽ። እኔ ካረምኩት ግን አውቶቡሱ ያመለጠው እኔን ይሆናል።»

ያን ቀን ነገሩ አልገባኝም ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ያልኩትን ትቶ የራሱን ጽፎ ፈርሚ ሲለኝ ነው ኩልል ብሎ የገባኝ።

ረቡዕ ፈረቃዬ እንዳለቀ ምሳ የምንበላበት ክፍል ውስጥ ባዶ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ይንገዳገዳል፤ ከአንዱ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ወሸቅኩበት። ስዘገይባት ልጄ ምን ሆነች ብላ ደወለች። ነገርኳት።

«እማ፣ እኔ በአምስት ደቂቃ አሳምሬ እጽፍልሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «እኔ ግን ለመማር የሄድኩት አንቺን ጸሐፊ ለማድረግ አይደለም።» ስልኩን ዘጋሁት። ትንሽ ሳልከብድባት አልቀረሁም፤ ማታ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። አንሶላ የሚለውን ቃል ከመደርደሪያው ላይ ካለው ካርቶን ገለበጥኩት። መከለያ የሚለውን ስላጣሁት ብረት ብዬ ተውኩት። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል ነገር ወጣኝ፦ «ማሽኑ ብረት አለው። ብረት እጅ ይጠብቃል። አርብ ቀን ሱፐርቫይዘሩ ብረት ፈታ። ሰኞ ጠዋት ብረት የለም። ጓደኛዬ አንሶላ ትሰጣለች፣ ማሽን እጇን ወሰደ። ጓደኛዬ ጥፋት የለም።»

የሚቀር ነገር ነበር። አርብ ከሰዓት መከለያውን ሲፈታ «ያዢልኝ» ብሎኝ መዳፌን ዘርግቼ አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ልክ አይደለም አላልኩም። እንዲያውም ማሽኑ መቆሙን ሲተው ከሳቂታዋ ጋር «ተገላገልን» ተባብለን ስቀናል። ይህን ለባለቤቴ እንኳ አልተናገርኩም። ረቡዕ ዕለት እስክሪብቶዬ እዚያ ደርሶ ቆመ። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ፤ ስሜን ጻፍኩ፣ አጠፍኩት፣ ለሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ሰጥቼ ወጣሁ። ሥራዬን ማጣት ፈራሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ የሳቂታዋን ዓይን ፈራሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ መጣች። አጭር ናት፤ የመነጽሯን ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ማሽኑ ጋ ሄዳ አየች። መከለያው አለ፣ ብሎኖቹ ጥብቅ ናቸው። ከዚያ ወደ ቢሮ አስጠራችኝ። ሱፐርቫይዘሩ ሊያስተረጉም ጎኗ ቆሟል።

ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና «ይህን ማን ጻፈልሽ?» አለች።

«እኔ» አልኳት።

እሱ ቀደም አለና በእንግሊዝኛ ይነግራት ጀመር፤ እንደማይገባኝ ተማምኖ። ይህች ሴት መጻፍ አትችልም አለ። ዘጠኝ ዓመት ወረቀቷን ሁሉ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ማኅደሯን አውጥተሽ ማየት ትችያለሽ አለ። ማታ ማታ የሚያስተምሯት አሮጊት ናቸው የጻፉላት፤ እሳቸው ደግሞ ማሽኑን አይተውት አያውቁም አለ። እያንዳንዱ ቃል አልተያዘልኝም፤ የተያዘልኝ ግን ይበቃል። ያን ሁሉ ዓመት የዋለልኝን ውለታ ዓይኑን በጨው አጥቦ አፌን መዝጊያ አደረገው።

መርማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ማዘንም ማመንም አላየሁም።

«ወረቀት ስጪኝ» አልኳት።

ከማተሚያው ውስጥ አንድ ነጭ ወረቀት ስባ ሰጠችኝ። የረቡዑን ገልብጣ ከፊቴ አራቀችው። ወንበር ሳብኩና እነሱ እንደቆሙ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ብረት አለው ብዬ ጀመርኩ። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ሥራ ቆሞ እየጠበቀ ነው» አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ዘጠኝ ዓመት እሱ ሲጽፍ እኔ ቆሜ ጠብቄአለሁ፤ ዛሬ እሱ ይጠብቅ።

«ጓደኛዬ ጥፋት የለም» የሚለው ላይ ደረስኩ። እዚያ ጋ ማቆም እችል ነበር፤ መጻፌን አይታለች። ነገር ግን ማሽኑ ጋ የታሰረውን ብረትም አይታለች። የእኔ ቃል በእሱ ቃል ላይ ከሆነ ማን እንደሚታመን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገኝም። አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ብሎን አራት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ይፈታል፣ እኔ በእጄ ያዝኩ።»

በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ሲያነብ ትንፋሹ ተሰማኝ።

«አብደሻል እንዴ?» አለኝ በእኛ ቋንቋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ራስሽን እኮ ነው የምታስባርሪው። ለእሷ ብለሽ?»

«ልባረር» አልኩት። «የምባረርበትን ወረቀት ግን እኔው ጽፌዋለሁ።»

መርማሪዋ ወረቀቱን አንስታ አነበበች። የረቡዑን ገልብጣ አጠገቡ አደረገች፤ ጣቷን እየጎተተች መስመር ለመስመር አስተያየቻቸው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ጎባጣው ጎባጣ፣ ስህተቱም ያው ስህተት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይህ ትናንት አልነበረም» አለችኝ። «ለምን?»

ሱፐርቫይዘሩ ሊተረጉምልኝ አፉን ከፈተ።

«ገብቶኛል» አልኩትና በእንግሊዝኛ ራሴ መለስኩላት።

«ትናንት እኔ ፈራሁ። ዛሬም እፈራለሁ። ብሎኑ ግን እኔ እጅ ውስጥ ነበረ።»